ባለ በቅሎ ጆሮው አጋዘንና የእኔ አፍ

ውድ እህቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። አምድሽን የማነበው ሥራ ቦታ ነው። ማታ ማታ የመኪና ማቆሚያ እጠብቃለሁ፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ የሚያናግረኝ ሰው የለም። ብዙ ጊዜ የሚጻፍልሽ የባልና ሚስት ጉዳይ ነው። የእኔ ስለ አደን ነው። አትሳቂብኝ።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። 28 ዓመቷ ነው፤ ነርስ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት የሥራ ባልደረቦቿ አደን አስለመዷት። ኮርሱን ወሰደች፣ ካርዱን አወጣች፣ ጠመንጃ ገዛች። እናቷ ሳምንት ሙሉ አኮረፈቻት። እኔም ደስ አላለኝም፤ ከብሔራዊ ውትድርና ከተመለስኩ ወዲህ ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም። ግን ዝም አልኩ።

የምታድነው ሚውል ዲር የሚባለውን አጋዘን ነው። ሚውል በቅሎ ማለት ነው፤ ጆሮው የበቅሎ የሚያህል ስለሆነ እንዲህ አሉት። የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። የወንዱ ቀንድ ሹካ እየሠራ ይከፈላል፤ ደግሞ በየዓመቱ ወልቆ ይወድቅና እንደገና ይበቅላል። ይህን ስትነግረኝ የምትቀልድብኝ መስሎኝ ነበር።

አምና "አባዬ፣ ዘንድሮ አብረን እንሂድ" አለችኝ። ደስታዬን አልነግርሽም። ልጅ ካደገ በኋላ ከእኔ ጋር ዋል የሚልሽ ስንት ጊዜ ነው? ዓርብ ከሰዓት ወጣን። የአይዘንሃወርን ዋሻ አልፈን ወደ ምዕራብ ወረድን፤ ራይፍል የምትባል ከተማ ስንደርስ ወደ ሰሜን ታጥፈን ሚከር ገባን። ራይፍል ማለት ጠመንጃ ነው። ጠመንጃ የሚባል ከተማ! ለሚስቴ ደውዬ ስነግራት "ስሙን ሰምታችሁ ካልተመለሳችሁ እንግዲህ ምን እላለሁ" አለች።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳን። ብርቱካናማ ሰደርያና ኮፍያ አለበሰችኝ፤ የመንገድ ሠራተኛ መሰልኩ። ፈቃዱም ጠመንጃውም የእሷ ነው። እኔ ቆሎዬን በላስቲክ፣ ሻዬን በፔርሙስ ይዤ ተከተልኳት። ንፋሱን ፊት ለፊት አድርገን አንድ ኮረብታ ላይ ተቀመጥን። ቆሎዬን ስቆረጥም "አባዬ፣ ቀስ" አለችኝ። ትንሽ ቆይታ "አባዬ፣ አትነሳ።" ትንሽ ቆይታ "አባዬ፣ እጅህን አታወናጭፍ።" እውነቱን ልንገርሽ፣ ከነከነኝ። ጫማ ማሰር ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ከዚያ መጣ። ከቁጥቋጦው ውስጥ ብቅ አለ፤ 200 ሜትር ቢሆን ነው። ቀንዱ በየጎኑ አራት አራት ጫፍ አለው። ልጄ በሆዷ ተኝታ ጠመንጃውን ቦርሳዋ ላይ አስደግፋ አነጣጠረች። ትንፋሿ ይሰማኛል። ቆየች። በጣም ቆየች። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ "በይ እንጂ! ተኩሺ!" ብዬ ጮህኩ። አጋዘኑ በአራቱም እግሩ አንድ ላይ እየነጠረ፣ ልክ እንደ ኳስ፣ ሽቅብ ወጣ። አፋፉ ላይ ሲደርስ ቆመና ዞሮ አየን። እኔ ደግሞ "ይኸው ቆመልሽ!" አልኩ። ሄደ።

ልጄ ምንም አላለችም። ከዚያ በኋላ ሌላ አላየንም። እሑድ ስንመለስ በአራት ሰዓት መንገድ ያለችኝ "ውሃ ትፈልጋለህ?" ብቻ ነው። ቤት ስንደርስ ነገሩን ላለዝበው ብዬ "ልጅሽ ፈርታ ለቀቀችው" ብዬ ለእናቷ ቀለድኩ። በሌላው ሳምንት ቡና ለጠጡት ጎረቤቶችም ነገርኳቸው፤ ተሳቀ።

ዘንድሮም የአደን ፈቃዱ ዕጣ ወጥቶላታል። ከጓደኛዋ ጋር እንደምትሄድ ለእናቷ ነገረቻት። ለእኔ አልነገረችኝም።

እኔ ያሰብኩት፣ ኮርሱን ወስጄ፣ ጠመንጃ ገዝቼ፣ ለከርሞ ከእሷ ጋር በአንድ ማመልከቻ ዕጣ ውስጥ ልግባ ነው። እኩል ስንሆን ነገሩ ይቀላል። ምን ትያለሽ? ደግሞ ሚስቴ "በጥይት የሞተ በክት ነው፣ ቤቴ አይገባም" ትላለች። እኔ ቢገኝ ቁርጡን ነበር ያሰብኩት። ማናችን ልክ ነን?

የአዳኟ አባት፣ ከኦሮራ

*

ጋሼ፣

አትሳቂብኝ ብለውኛል። የበቅሎ ጆሮ ያለውን እንስሳ አድፍጠው እየጠበቁ ቆሎ ሲቆረጥሙ ግን አልቻልኩም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እኔን ያስጨነቀኝ ጩኸቱ አይደለም። ጫካ ገብቶ አንድ ቀን ያላበላሸ አዳኝ የለም፤ ልጅዎም ያንን ታውቃለች። እርስዎ በአንድ መስመር ያለፉት የቡናው ቀልድ ነው ያስጨነቀኝ።

ለምን እንደቆየች ልንገርዎ። አጋዘኑ ፊቱን ወይም ጀርባውን ሰጥቶ ከቆመ አይተኮስም። ጎኑን እስኪሰጥ ይጠበቃል፤ ጥይቱ ከትከሻው ኋላ ገብቶ ሳንባና ልቡን እንዲያገኝ። ያኔ ብዙ ሳይሰቃይ ይወድቃል። አለዚያ ቆስሎ ይሮጣል፣ የሆነ ገደል ውስጥ ገብቶ ይሞታል፣ ሥጋውም ለማንም ሳይሆን ይቀራል። ከእንስሳው ጀርባ ያለውም ይታያል። ሰው ይኖራል? መንገድ ይኖራል? ጥይት ሲስት የሚያርፍበት ደህና አፈር አለ? ኮርሱ ላይ ይህን ደጋግመው ያስተምራሉ። ልጅዎ የምታደርገው ይህን ነበር። ትንፋሿን ሰምቻለሁ ብለዋል፤ እሱም የትምህርቱ ክፍል ነው።

እንግዲህ ያንን ትዕግስት ነው "ፈርታ ለቀቀችው" ያሉት። በእኛ ቋንቋ ደግሞ! ገዳይ ሙገሳ በሆነበት፣ አዳኝ ተመልሶ በሚፎክርበት ባህል ያደጉ ሰው ነዎት። አገር ቤት ሽማግሌ አዳኝ ፊት ይህን ቃል ቢወረውሩት በሽማግሌ ነበር የሚታረቁት። ለእሷ ግን በሲኒ ቡና መሀል፣ በጎረቤት ፊት፣ በሳቅ ተነገረ። ሴት ልጅ ጠመንጃ ያዘች ብሎ ከንፈሩን የሚመጥ ሰው ከዚያ ቡና ላይ አልጠፋም መቼም። ለእነሱ ነው ወሬ ያቀበሏቸው።

ሌላም በአንድ መስመር ያለፉት አለ። ከብሔራዊ ውትድርና ወዲህ ጠመንጃ አልነካሁም ብለዋል። ያ ወደ 40 ዓመት ይሆናል። ቀጥለው "ምን እንደነካኝ አላውቅም" አሉ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ከተሳሳትኩ ይተዉት። ግን አንድ ሰው በ19 እና በ20 ዓመቱ ያየውን አይቶ፣ ከስንት ዘመን በኋላ የገዛ ልጁ ጣት ቃታ ላይ ሲያርፍ አጠገቧ ቢቀመጥ፣ ዝምታው እንዴት ይችለዋል? አንዳንዴ ተኩሱን መጠበቅ ከተኩሱ ይብሳል። እርስዎ የጮሁት አጋዘኑ እንዲወድቅ ብለው አይመስለኝም። ይለቅና ይብቃ ብለው ነው።

ልጅዎ ይህን ታውቃለች? ስለዚያ ጊዜ አንድ ቀን አጫውተዋት ያውቃሉ? እኛ ቤት አባቶች አያወሩትም፣ ልጆችም አይጠይቁም። እሷ የምታውቀው አባቷ አደኑን አበላሽቶ እንደሳቀባት ብቻ ነው።

ስለዚህ ይንገሯት። እናቷን አይላኩ። ነገር በሰው ሲሄድ መንገድ ላይ መልኩ ይለወጣል። ስልክም አይሁን። አንድ ቀን ከሥራ ሲያደርሷት ወይም ስታደርስዎት መኪና ውስጥ ይሁን፤ ፊት ለፊት መተያየት ስለሌለ ለአባትም ለልጅም ይቀላል። ረጅም ንግግር አያዘጋጁ። "አንቺ አልፈራሽም ነበር፤ የፈራሁት እኔ ነኝ" ቢሉ ይበቃል። ከጠየቀችዎ የቀረውን ይቀጥሉ። ካልጠየቀችም ዝም ብለው ይንዱ።

ቡናውም ላይ መመለስ አለብዎት። እነዚያው ጎረቤቶች ሲሰበሰቡ፣ እሷ ኖረችም አልኖረችም፣ "ያን ቀን ያበላሸሁት እኔ ነበርኩ፣ ጮሄ አባረርኩት" ይበሉ። አሁንም ይሳቃል፤ የዚህኛው ሳቅ ዕዳ ግን የእርስዎ ነው።

ስለ ዘንድሮው ጉዞ አንድ ቃል አይናገሩ። ከጓደኛዋ ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች፤ "እኔስ?" ቢሉ በይሉኝታ እሺ ትልዎታለች፣ ከዚያም ሦስታችሁም ትቸገራላችሁ።

ጠመንጃ መግዛቱን ይርሱት። "እኩል ስንሆን" ያሉት ነገር አልጣመኝም። እዚያ ኮረብታ ላይ እኩል አይደላችሁም፤ አስተማሪዋ እሷ ናት። የጫማ ማሰሩን ነገር ሲጽፉልኝ ፈገግ ብያለሁ፣ ግን የከነከነዎት እሱ ነው አይደል? ልጅ አባቱን ሲያዝዝ ደስ አይልም። ይለመዳል።

በአንድ ማመልከቻ መግባቱ ደግሞ እሷን ይጎዳታል። ኮሎራዶ ውስጥ ዕጣው ሲያልፍ ነጥብ ይጠራቀማል፤ ነጥብ ያለው ይቀድማል። ሰዎች በቡድን ሲያመለክቱ የሚያዘው የቡድኑ ዝቅተኛ ነጥብ ነው። የእርስዎ ዜሮ ነው። ያጠራቀመችው ካለ በእርስዎ ዜሮ ይዋጣል ማለት ነው። በዚያ ላይ የ2022 እና 2023 ከባድ በረዶ በሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ ብዙ አጋዘን ፈጅቶ ፈቃዱ ተቀንሶ ነበር፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ዕድለኛ ነው።

ኮርሱን ግን ይውሰዱ። ከጃንዋሪ 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ ፈቃድ ለማውጣት ካርዱ ያስፈልገዋል። እርስዎ ባያድኑም ይጠቅምዎታል፤ ለምን እንደቆየች ከእኔ ከሚሰሙት ከአሠልጣኙ ቢሰሙት ይሻላል። ያለ ጠመንጃ አብሮ መሄድ ምን ድረስ እንደሚፈቀድ ደግሞ የግዛቱን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ደውለው ይጠይቁ።

ወደ ሥጋው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ለእርስዎ ትልቅ ሥራ አለ።

ባለቤትዎ ያነሱት ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ እኔም ቄስ አይደለሁም። እንስሳው ራሱ ችግር የለበትም፤ ኦሪት ዘዳግም 14 ዋላና ሚዳቋን ከሚበሉት ይቆጥራቸዋል። ዘሌዋውያን 17፥13 ደግሞ አድኖ የያዘ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር ይክደነው ይላል። አገር ቤት አዳኝ እንስሳው ነፍሱ ሳይወጣ ደርሶ በስመ አብ ብሎ ቢላ ያሳርፋል። ይህ ይበቃል አይበቃም የሚለውን የንስሐ አባታቸው ይንገሯቸው። እስከዚያው ቤታቸው እንዳይገባ ማለት መብታቸው ነው፤ ጋራዥ አለዎት።

ቁርጡን ግን እርም ይበሉ። የዱር ሥጋ ጥሬውን አይበላም። የኮሎራዶ አጋዘኖች ላይ ደግሞ ክሮኒክ ዌስቲንግ የሚባል አእምሮ የሚያመነምን በሽታ አለ። መጀመሪያ የታወቀው እዚያው ኮሎራዶ ውስጥ በ1967 ነው። ሰው ላይ መተላለፉ እስካሁን አልተረጋገጠም፤ ነገር ግን ምርመራው በሽታው አለ ካለ ሥጋው አይበላ ነው ምክሩ። ማብሰልም አያጠፋውም። በአንዳንድ የአደን ክልሎች ጭንቅላቱን ለምርመራ መስጠት ግዴታ ነው። ልጅዎ ታውቀዋለች፤ ውጤቱ ሳይመጣ ማንም አይቅመስ።

ውጤቱ ደህና ከሆነ ተራው የእርስዎ ነው። ለፋሲካ በግ ስንት ዓመት አርደዋል? ብልት ማውጣት ያውቃሉ፣ ሥጋን ሳይቀድዱ ከአጥንት መለየት ያውቃሉ። ልጅዎ ምናልባት ከቪዲዮ ነው የተማረችው። ስትመለስ ቢላዎ ተስሎ ይጠብቃት። የአጋዘን ሥጋ ጮማ የለውም፤ ለጥብስ ቅቤ ካልጨመሩበት ይደርቃል። ለቋንጣ ግን ተወዳዳሪ የለውም። በስሱ ዘልዝለው፣ በጨውና በበርበሬ አሽተው ይስቀሉት። ጾመ ነቢያት ህዳር 15 ስለሚገባ እስከዚያ የማያልቀው ሥጋ ቋንጣ ሆኖ ለገና ይደርሳል። እየዘለዘላችሁ የሚወራ ወሬ ደግሞ አለ። የውትድርናው ነገር መኪና ውስጥ አልወጣ ካለ እዚያ ይወጣ ይሆናል።

ለከርሞ ከጠራችዎ ይሂዱ። ካልጠራችዎ አይጠይቁ፤ አንድ ዓመት ይለፍ። ከሄዱ ከኋላ ይሁኑ፣ ብርቱካናማውን ይልበሱ። አጋዘን ብርቱካናማን እንደ እኛ አያይም፤ ኃይሉ ጆሮውና አፍንጫው ላይ ነው። ላስቲኩንም ቆሎውንም ቤት ይተዉት። ጭብጦ ይያዙ፤ በሶ አይጮህም።