አይጥና ወቅት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ክረምቱን ሙሉ በቤታችን አይጥ እምብዛም አይታይም፤ እህሉ ተወቅቶ ሲገባ ግን ከየት እንደመጣ ሳናውቅ ቤቱን ይወርረዋል። የሚያፈላው እህሉ ነውን?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። እህሉ ይጠራቸዋል እንጂ አያፈላቸውም፤ የተፈለፈሉት አስቀድሞ በማሳው ውስጥ ነው። በአገራችን እርሻ ላይ ከፍተኛ ጉዳት ከሚያደርሱት አንዷ፣ ባለ ብዙ ጡት የምትባለው አይጥ፣ የመራቢያ ጊዜዋ ዝናብን ይከተላል። ሣሩ ሲለመልምና ዘር ሲበዛ ትፀንሳለች፤ 23 ቀን ያህል አርግዛም በአንድ ጊዜ 10 እና ከዚያ በላይ ልትወልድ ትችላለች። ስለዚህ በነሐሴና በመስከረም የተወለዱት በኅዳር ራሳቸውን ችለው ማሳውን ሞልተውታል ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ የቆመው ሰብል ምግብም መሸሸጊያም ስለሚሆናቸው ወደ ቤት የሚያመጣቸው ምክንያት የለም። አጨዳው ሲጀመር ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያጣሉ፤ መጀመሪያ ወደ ነዶውና ወደ ክምሩ ይገባሉ፣ ከዚያም የሰውን መንገድ ተከትለው ወደ አውድማውና ወደ ጎተራው ይዘልቃሉ።

ጥያቄ (ከዚያው ጠያቂ)፦ እንግዲያው መከላከል ያለብን መቼ ነው?

መልስ፦ አብዛኛው ሰው ወጥመድ የሚገዛው ጆንያው ተበስቶ ሲያይ ነው፤ ይህ በእኔ እምነት እጅግ የዘገየ ጊዜ ነው። ቁጥራቸው የሚያንሰው በበጋው መጨረሻ፣ የክረምቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ አንዲት እናት አይጥ መያዝ በኅዳር ብዙ አይጦችን ከማሳደድ ይበልጣል፤ ምግብ ስለሚያጥራቸውም ወጥመድ ላይ ያለውን ማባበያ ቶሎ ይቀምሳሉ። ነገር ግን አንድ ቤት ብቻውን ቢያጸዳ ከጎረቤት ማሳ የሚመጡት ቦታውን ፈጥነው ይይዙታል። ስለዚህ ለአጨዳ እንደምንጠራው ሁሉ ለዚህም ደቦ መጥራት፣ በድንበር ላይ ያለውን ቁጥቋጦና በግቢ የተከማቸውን አሮጌ ጭድ በአንድ ሳምንት ማንሳት ይገባል። የበልግ ዝናብ በሚጥልባቸው የወሎና የሰሜን ሸዋ ደጋዎች ደግሞ አይጧ ሌላ የመራቢያ ዕድል ስለምታገኝ፣ ይኸው ሥራ በጥር መጨረሻም ቢደገም መልካም ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እኛ ዘንድ አዝመራ የለም፤ ሆኖም ሐምሌና ነሐሴ ላይ አይጥ ይበዛብናል። ለምን ይሆን?

መልስ፦ በከተማ ምግቡ፣ ማለትም ቆሻሻው፣ ዓመቱን ሙሉ አይጎድልም፤ የሚለዋወጠው ውኃው ነው። በቦይ ዳርና በፍሳሽ መስመር አጠገብ የተቆፈሩት ጉድጓዶች በጎርፍ ሲሞሉ ደረቅና ሞቃት ቦታ ፍለጋ ወደ ኮርኒስና ወደ ማድቤት ይወጣሉ። ትንሿ የቤት አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በሚሆን ክፍተት ትገባለች፤ እርሳስ የሚያሾልክ ቀዳዳ ይበቃታል ማለት ነው። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ ቧንቧ ግድግዳውን የሚያልፍበትን ቦታና የበሩን ሥር ይመልከቱ። ክፍተቱን በሲሚንቶ ወይም በብረት ወንፊት ይድፈኑት፤ የፊት ጥርሳቸው ዕድሜ ልክ ስለሚያድግ ፕላስቲክና እንጨት ቦርቡረው ያልፋሉ። ልጆችም በባዶ እግራቸው በጎርፍ ውኃ እንዳይጫወቱ አደራ እላለሁ፤ በአይጥ ሽንት የተበከለ ውኃ በቁስል በኩል ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ለነቀዝ የገዛነው አየር የማያስገባ ከረጢት አይጥንም ይከላከላል?

መልስ፦ አይከላከልም። ከረጢቱ ነቀዙን አየር በማሳጣት ይገድለዋል፤ አይጥ አንዴ ከበሳችው ግን ያም ጥቅሙ ይቀራል። ከረጢቱን ከግድግዳ አርቀው በርብራብ ላይ ያስቀምጡ። ጎተራዎ በእግር የቆመ ከሆነ በእያንዳንዱ እግር ላይ፣ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፣ እንደተደፋ ሳህን የሰፋ ቆርቆሮ ይምቱበት፤ በአጠገቡ የተደገፈ እንጨት ካለ ግን ቆርቆሮው ዋጋ የለውም።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ በአሜሪካ ኮሎራዶ ነው የምኖረው። በጥቅምት ብርዱ ሲጀምር ጋራዡ ውስጥ የአይጥ ኩስ አገኛለሁ። ጠርጌ ብጥለው ይበቃል?

መልስ፦ እባክዎን በደረቁ አይጥረጉት፤ በኤሌክትሪክ መጥረጊያም አይሳቡት። በእርስዎ አካባቢ ብርድ ሲገባ ወደ ቤት ከሚጠጉት መካከል ሆዷ ነጭ የሆነች የዱር አይጥ አለች፤ በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ሰዎችን የገደለውን ሃንታ ቫይረስ የምትሸከመው እርስዋ ናት። ቫይረሱ ከደረቀ ኩስና ሽንት ከአቧራ ጋር ተነሥቶ ወደ ሳንባ ይገባል። በሩን ከፍተው ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ያናፍሱ፣ ጓንት ያድርጉ፣ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ በጥብጠው ያርከፍክፉበት፤ 5 ደቂቃ ያህል ከጠበቁ በኋላ በወረቀት ጠርገው በላስቲክ ቋጥረው ይጣሉት።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ በክረምት በጓሮዬ የሚቆለለው አፈር የአይጥ ነው?

መልስ፦ ምናልባት የፍልፈል ነው። መሬቱ ሲርስ መቆፈር ስለሚቀልለው ነው፤ ሥር እንጂ የቤት እህል ፈልጎ አይገባም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ድመት አለችን፤ መርዝም እንጨምር ወይ?

መልስ፦ ሁለቱን በአንድ ግቢ አላደርግም፤ መርዝ የበላ አይጥ ድመቲቱንም ሊገድላት ይችላል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ጥቁር ዱቄት፣ ዚንክ ፎስፋይድ፣ ለሰውም ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ስለዚህ ልጅ ባለበት ቤት ወጥመድን እመርጣለሁ። ደም የሚያቀጥኑት መርዞች ግን በቫይታሚን ኬ ይታከማሉ። ሰው በስሕተት መርዝ ከቀመሰ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ሐኪሙ ሕክምናውን የሚወስነው በመርዙ ዓይነት ስለሆነ ማሸጊያውንም አብራችሁ ያዙ።