ይሰማል ሲላላ፣ ይሰማል ሲጠብቅ

ማይክ ፊት ለመቀመጥ ለምታስቡ ልጆች፣

እኔ ጎንደር ውስጥ በሬዲዮ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የድምፅ ቴክኒሺያን ነበርኩ። ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ የሌሎችን ድምፅ ስቀዳ፣ ሳቀናብርና ሳስተላልፍ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ከሁሉ የምወዳቸው ዓመታት ከአንድ ሰው ጋር የሠራሁባቸው ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሲወደሱ አይወዱም። ከፒያሳ አዘዞ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ድምፃቸው ሲመጣ ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ ሲያደርግ ያየ ሁሉ ያውቃቸዋል። እኔ "ጋሼ" ነበር የምላቸው፤ እዚህም እንዲሁ ልበላቸው።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ጽፈው ሰጡኝ። "ይሰማል" ይላል።

"አንብበው።"

አነበብኩት።

"የትኛውን ነው ያነበብኸው?"

ግራ ገባኝ። እሳቸው ግን ቀልዳቸውን አልነበረም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ስታላሉት ሰውዬው ጆሮ ሰጥቶ ይሰማል። "ሰ" እና "ማ"ን ስታጠብቋቸው ደግሞ የሰውዬው ድምፅ ለሌላው ይሰማል። ጽሕፈቱ አንድ ነው። "ገና"ም እንዲሁ ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ "ገና አልደረስኩም" የምንለው። ጋሼ ስክሪፕት ሲይዙ እርሳስ ከእጃቸው አይለይም። በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ትንንሽ ነጥብ ያስቀምጣሉ። ስንት ዓመት ያነበበ ሰው እንደ ተማሪ በየቀኑ ነጥብ ሲያስቀምጥ ማየት ይገርመኝ ነበር።

"እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ የሚፈልገው የጠበቀውን ነው" አሉኝ ያን ቀን። "አንተ መጀመሪያ የላላውን ቻለው።"

የገባኝ ቆይቶ ነው። እንዴት እንደገባኝ ልንገራችሁ።

አንድ ቀን ከደምቢያ አንዲት እናት መጣች። ልጇ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ ወርዶ ወሬው ከጠፋ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ጋሼ ስቱዲዮ አስገብተው አስቀመጧት። ውኃ ሰጧት። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ አወሯት። ከዚያ ቀስ ብለው "ስሙ ማን ነው?" አሏት። ዝም አለች። እሳቸውም ዝም አሉ። አላቻኮሏትም፣ ጥያቄውን አልደገሙትም። ቆይታ ስሙን ተናገረች።

ማታ ቅንብሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጊዜ አጥሮኛል። ኮምፒውተር ላይ ዝምታ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ነው የሚታየው፤ ምንም የሌለበት ባዶ ቦታ ይመስላል። 11 ሰከንድ ነበር። ቆረጥኩት። ንጹሕ ሥራ መሰለኝ።

ጋሼ የጆሮ ማዳመጫውን አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ አውልቀው አዩኝ።

"ልጇን የት አደረስኸው?"

"አለ እኮ ጋሼ፤ ስሙን ተናግራለች።"

"ስሙ አለ። ልጇ የለም። መልሰህ አስገባልኝ።"

ሰዓቱ እንደማይበቃ ስነግራቸው "የኔን መግቢያ ቁረጥ" አሉኝ። ቆረጥነው። ያን ቀን የከተማው ሰው የሚወደው ድምፅ ከሰላምታ ሌላ ምንም ሳይል ፕሮግራሙ ተጀመረ። በሳምንቱ ሦስት እናቶች በራችን ላይ ቆመው አገኘናቸው። "ያቺ ሴትዮ የተናገረችበት ቤት ይህ ነው ወይ?" ይላሉ። እያንዳንዳቸው የልጃቸውን ፎቶ በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል።

ጋሼ ሙያውን የተማሩት በሪል ቴፕ ዘመን ነው። ያኔ ቴፑ በምላጭ ሰያፍ ተቆርጦ በማጣበቂያ ይገጠም ነበር። የተቆረጠውን ቁራጭ ቶሎ እንደማይጥሉት፣ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው እንደሚቆዩ ነግረውኛል። ምናልባት ይመለስ ይሆናል ብለው ነው። እናንተ ዛሬ አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ትቆርጣላችሁ፤ አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ትመልሳላችሁ። ደስ ይላል፣ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ግን ከመቁረጣችሁ በፊት ያን ዝምታ አንድ ጊዜ ዓይናችሁን ከስክሪኑ አንስታችሁ ስሙት።

ሌላም አለ። ክረምት ላይ ሊማሊሞ ናዳ ወርዶ መንገድ መዘጋቱን በስልክ ተነገረን። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። መንገዱ የተዘጋው ከደባርቅ ወዲያ ነው። እኔ በችኮላ "ከዳባት ወዲያ" ብዬ ጻፍኩ። ዳባት ደግሞ ከደባርቅ በፊት ናት። ጋሼ በቀጥታ ስርጭት አነበቡት። ደባርቅ ሊሄድ የነበረ መንገደኛ ከመናኸሪያ ዕቃውን ተሸክሞ ተመለሰ። ስህተቱ ሲታወቅ ጋሼ ማይኩን ከፍተው "ተሳስቻለሁ" አሉ። የእኔን ነገር አላነሱም። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ቀድሞ ያልሰማ ይስማው ብለው ደገሙት። ላለቅስ ደርሼ ነበር። ይቅርታ ስጠይቃቸው "ወረቀቱ ያንተ ነው፤ አፉ የኔ ነው" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በስልክ የተቀበልኩትን የቦታ ስም ለነጋሪው መልሼ ሳላነብለት ስልክ ዘግቼ አላውቅም። ይህን ልማድ ውሰዱልኝ። ስም፣ ቦታና ቁጥር ተመልሰው ይነበቡ።

ስለ ዕቃ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። በያዛችሁት ስልክ ጀምሩ። አፍና ማይክ መካከል አንድ ስንዝር ይበቃል፤ "ጰ" እና "ፐ" እንዳይፈነዱባችሁ ማይኩን ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት። ጎሃ ተራራ ላይ ወጥታችሁ የምትቀዱ ከሆነ ነፋሱ ድምፁን ይበላዋል፤ ስልኩን በሹራብ ሸፍኑት። ከቃለ መጠይቁ በኋላ የቦታውን ድምፅ ብቻውን አንድ ደቂቃ ቅዱ፤ ስታቀናብሩ ታመሰግኑኛላችሁ።

ድምፃችሁን ግን ተዉት። አሁን አሁን ብዙ ልጆች ማይክ ሲከፈት ሌላ ሰው ይሆናሉ። ቃሉን ይጎትቱታል፣ አዲስ አበባ የሰሙትን አንባቢ ይመስላሉ። ያሳዝነኛል። ጋሼ በር ላይ ዘበኛውን "እንዴት አደርህ" የሚሉበት ድምፅና ዜና የሚያነቡበት ድምፅ አንድ ነበር። የጎንደር አነጋገራቸውን አንድም ቀን አልደበቁም።

ዘንድሮ ለፋሲካ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ጆሯቸው ደክሟል። ትንሿን ሬዲዮ በቀኝ ጆሯቸው አስጠግተው ነው የሚያዳምጡት። እኔን በእጃቸው ምልክት አስቀመጡኝ። አንዲት ወጣት ጋዜጠኛ አንድ አዛውንት ሸማኔ ታነጋግራለች። ሥራውን ማን እንዳስተማራቸው ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ወዲያው አልመለሱም። እሷም አልቀደመቻቸውም። ከሬዲዮው ምንም አይሰማም፤ ጋሼ ጭራሽ ጠጋ አሉ።

ሽማግሌው መናገር ሲጀምሩ ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

"ይቺ ልጅ ትሰማለች" አሉኝ።

አላልተው ነው ያሉት።