ከርቀት ወደ ክብደት፦ ስለ ብረት ሥራ መዝገብ የቀረቡ ጥያቄዎች

የዛሬው አምድ የስፖርት አፕ ለሚሠሩም ለሚጠቀሙም ነው። የደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፦ ሩጫና እርምጃ የሚቆጥር አፕ ላይ የብረት ሥራ ዕቅድና መዝገብ ሲጨመር ምን ይበላሻል፣ እንዴትስ ይስተካከላል?

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር የሩጫና የእግር ጉዞ መከታተያ አፕ ሠርተናል። ተጠቃሚዎቻችን «ጂም የምንሠራውንም መዝግቡልን» እያሉ ነው። ዳታቤዛችን ለእያንዳንዱ ልምምድ መነሻ ሰዓት፣ ቆይታና ርቀት ይይዛል። እዚያው ላይ «ክብደት» የሚል አምድ ብንጨምር አይበቃም? (የአፕ ገንቢ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ አይበቃም። አንድ ሩጫ በአንድ መስመር ይመዘገባል፤ የብረት ሥራ ግን አንድ ሰዓት ውስጥ አምስትና ስድስት ዓይነት እንቅስቃሴ፣ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሥር ደግሞ ሦስትና አራት ዙር (ሳያርፉ በተከታታይ የሚሠራ አንድ ክፍል) አለው። ቁም ነገሩ ያለው ዙሩ ላይ ነው። «ስኳት፣ 80 ኪሎ» ብሎ የመዘገበ አፕ 80 ኪሎው ሦስቱንም ዙር ይሁን የመጨረሻውን ብቻ አያውቅም፤ ስለዚህ ለሚቀጥለው ሳምንት ምንም ሊመክር አይችልም።

ሥራውን በሁለት ወገን ክፈሉት። በአንድ ወገን ዕቅድ ይቀመጣል፦ ፕሮግራም፣ ቀን፣ እንቅስቃሴ፣ የታዘዘ ዙር። በሌላው ወገን የተሠራው ይቀመጣል፦ የዕለቱ ልምምድ፣ እንቅስቃሴ፣ የተሠራ ዙር። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ማደባለቅ በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁ ስህተት ነው ብለን እናምናለን። ዕቅዱ «ከ8 እስከ 12 ድግግሞሽ» (በአንድ ዙር ውስጥ የሚነሳበት ብዛት) ይላል፤ የተሠራው ግን 9 ነው። ሰውየው ልምምዱን ሲጀምር የዕለቱን ዕቅድ ገልብጣችሁ ከልምምዱ ጋር አስቀምጡ። ወደ ዕቅዱ የሚያመለክት ቁጥር ብቻ ካስቀመጣችሁ፣ አሰልጣኙ በሦስተኛው ሳምንት 3 ዙሩን 4 ሲያደርገው ያለፉት ሁለት ሳምንታት በሙሉ «አንድ ዙር ጎድሏል» ይላሉ።

እያንዳንዱ የተሠራ ዙር ቢያንስ እነዚህን ይያዝ፦ ተራ ቁጥር፣ ዓይነት (ማሟሟቂያ ወይስ ዋና)፣ ክብደት፣ ክብደቱ የተጻፈበት መለኪያ፣ ድግግሞሽ፣ ያለቀበት ሰዓት፣ እና «ሌላ ስንት ማንሳት ይቻል ነበር?» ለሚለው ጥያቄ ከ0 እስከ 4 የሚሰጥ መልስ። የማሟሟቂያ ዙር በድምሩ ውስጥ አይግባ። በባዶ ዘንግ 20 ጊዜ የተሟሟቀ ሰው በዚያ ሳምንት የበረታ እንዳይመስል።

የእንቅስቃሴ ዝርዝሩ ላይ ጊዜ አጥፉ። ሁሉም እንቅስቃሴ በክብደትና በድግግሞሽ አይለካም። ፕላንክ በሰከንድ ይለካል፤ ፑሽአፕ በድግግሞሽ ብቻ። ፑልአፕ በሰውነት ክብደት ላይ ተጨማሪ ሊንጠለጠልበት ይችላል፤ ማሽን ሲያግዝ ደግሞ የእገዛው ክብደት ከሰውነት ክብደት ይቀነሳል። 75 ኪሎ የሆነ ሰው በ20 ኪሎ እገዛ ሲሠራ የሳበው 55 ነው። ይህ ካልተለየ እገዛው እየቀነሰ ሲሄድ፣ ማለትም ሰውየው እየበረታ ሲሄድ፣ ግራፉ ቁልቁል ይወርዳል። የሰውነት ክብደትም የዚያ ዕለቱ አብሮ ይመዝገብ፤ ዛሬ የገባው ክብደት የዓምናውን ስሌት መቀየር የለበትም። ዳምቤል ላይ «20» ሲጻፍ በአንድ እጅ ነው ወይስ የሁለቱ ድምር? ዝርዝሩ ራሱ ይወስን፣ ከቁጥሩ አጠገብም «በአንድ እጅ» ተብሎ ይጻፍ።

ፍለጋውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ ይታዩ። «ስኳት» እና «ስኩዋት» ብለው የሚጽፉ ሁለት ሰዎችም አንድ እንቅስቃሴ ላይ ይድረሱ። አለበለዚያ ተጠቃሚው ያጣውን እንቅስቃሴ እንደ አዲስ ይፈጥረዋል፤ ከወራት በኋላ የአንድ እንቅስቃሴ ታሪክ ሦስት ቦታ ተበትኖ ይገኛል። ሁለት መዝገቦችን የሚያዋህድ መሣሪያ ከመጀመሪያው አዘጋጁ። ከዝርዝሩ የሚወጣ እንቅስቃሴም ይደበቅ እንጂ አይሰረዝ።

ጥያቄ፦ የምጠቀምበት አፕ ሰልጣኞቼ በየሳምንቱ 2.5 በመቶ እንዲጨምሩ ያዛል። 60 ኪሎ ያነሳ ሰው ቀጥሎ 61.5 ይባላል። እኛ ጂም ያለው ትንሹ ፕሌት (ዘንጉ ጫፍ ላይ የሚገባው ክብ ክብደት) 2.5 ኪሎ ነው። ዕቅዱን እንዴት ላስተካክል? (አሰልጣኝ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ችግሩ የእርስዎ አይደለም፤ አፑ የጂሙን ዕቃ ሳይጠይቅ ነው ያዘዘው። በዘንግ ላይ ክብደት በሁለቱም ጎን እኩል ስለሚጨመር ትንሹ ፕሌት 2.5 ከሆነ ትንሹ ጭማሪ 5 ኪሎ ነው። 61.5 በጂማችሁ የለም። ደህና አፕ በመጀመሪያው ቀን ያሉትን ፕሌቶችና የዘንጉን ክብደት ይጠይቃል። የወንዶች የውድድር ዘንግ 20፣ የሴቶቹ 15 ኪሎ ነው፤ ብዙ ጂም ውስጥ ያለው ግን ከሁለቱም ይለያል፣ ስለዚህ ሚዛን ላይ አውጥተው ይመዝኑት። አፑ የሚያዘው ክብደት በእነዚያ ፕሌቶች ሊገጠም ካልቻለ ወደ ታች ያጠጋጋ።

በመቶኛ ከመጨመር ይልቅ መጀመሪያ ድግግሞሽ፣ ቀጥሎ ክብደት ይጨምሩ። 3 ዙር ከ8 እስከ 12 ብለው ያዙ። ሦስቱም ዙሮች 12 ሲሞሉ 5 ኪሎ ይጨመራል፣ ድግግሞሹም ወደ ታችኛው ቁጥር ይመለሳል። እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ 5 ኪሎ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጭማሪ አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ ሊነሳ የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት በሚገምተው ኤፕሊ በሚባል ቀመር (ድግግሞሹ ለ30 ተካፍሎ 1 ይደመርበታል፣ ውጤቱ በክብደቱ ይባዛል) እናስላው። 80 ኪሎ 12 ጊዜ የሚያነሳ ሰው 85 ላይ 9 ገደማ ይደርሳል፤ ከ8 አይወርድም፣ ሥራው ይቀጥላል። 40 ኪሎ 12 ጊዜ የሚያነሳ ሰው ግን 45 ላይ 7 ላይ ይቆማል። ለዚህ ሰው ጣሪያውን 14 ያድርጉለት፤ ያኔ 45 ሲገባ 9 ገደማ ያነሳል። ጣሪያው ለሰውና ለእንቅስቃሴ ተለይቶ የሚስተካከልበት ቦታ አፑ ውስጥ ከሌለ ጀማሪዎችና ቀላል ክብደት የሚያነሱ ሴቶች ከሁሉ ቀድመው ይቆማሉ፤ ስንፍናም ይመስላቸዋል። ባለ 1.25 ኪሎ ፕሌት አንድ ጥንድ መግዛት ከተቻለ ጭማሪው ወደ 2.5 ይወርዳል፣ ነገሩም ይቀላል።

ዕቅዱን በሳምንት ቀን ሳይሆን በተራ ያስሩት፦ ቀን ሀ፣ ቀን ለ፣ ቀን ሐ። ረቡዕ የቀረ ሰው አርብ ሲመጣ ያመለጠውን ይሥራ። በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከታችኛው ቁጥር በታች የወረደ እንደሆነ ክብደቱን 10 በመቶ ይቀንሱ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናትም ሆነ በረመዳን ለሚጾም ሰልጣኝ ጭማሪው የሚቆምበት አዝራር ያስፈልጋል፦ ክብደቱ ባለበት ይቆይ፣ ዙሩ ከ3 ወደ 2 ይውረድ። ክብደቱ እስካልቀነሰ ድረስ ጥንካሬ በትንሽ ዙርም ለሳምንታት ይቆያል። አፑ በዚህ ወቅት «ወደኋላ ቀርተዋል» የሚል መልእክት እንዳይልክ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ እኔ የምሠራው በፓውንድ ነው፤ አሰልጣኜ አዲስ አበባ ሆኖ በኪሎ ያያል። 225 ያነሳሁት አንዳንዴ 226 ሆኖ ይመለስልኛል፣ ሳልጨምር «አዲስ ክብረ ወሰን» እባላለሁ። (ቨርጂኒያ)

መልስ፦ አፑ ቁጥርዎን ወደ ኪሎ ቀይሮ፣ አጠጋግቶ፣ ያንኑ ያስቀምጣል። አንድ ፓውንድ 0.45359237 ኪሎ ነው፤ 225 ፓውንድ 102.06 ኪሎ ይሆናል። ይህ ወደ ቅርቡ 2.5 ተጠጋግቶ 102.5 ሲባል፣ ወደ ፓውንድ ሲመለስ 225.97 ነው። ገንቢዎች የተጻፈውን ቁጥርና መለኪያውን እንዳለ ማስቀመጥ፣ መቀየሩን ለዕይታ ብቻ ማድረግ አለባቸው። ክብረ ወሰን የሚባለውም ካለፈው ቢያንስ በግማሽ ኪሎ ሲበልጥ ይሁን።

ቀንና ሰዓትም እንዲሁ ነው። ሰዓቱ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከነሰዓት ቀጠናው ይቀመጥ፤ «ጠዋት 12 ሰዓት» ወይም የኢትዮጵያ ቀን የሚመጣው ማሳያው ላይ ነው። ግራፉ በወር ከሆነ ግን አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ያላት ጳጉሜን በየዓመቱ ድካም ትመስላለች። በሳምንት ይሳል።

ጥያቄ፦ 50 ኪሎ 20 ጊዜ ስላነሳሁ አፑ «አንድ ጊዜ 83 ኪሎ ታነሳለህ» አለኝ። ሞከርኩት፣ አልተነሳም። ቀመሩ ውሸት ነው? (ሐዋሳ)

መልስ፦ ቀመሩ ከአቅሙ በላይ ተጠይቋል። ኤፕሊ 83.3 ይላል፤ ብርዚኪ የሚባለው ቀመር (ክብደቱ በ36 ተባዝቶ፣ ከ37 ላይ ድግግሞሹ ሲቀነስ ለሚቀረው ይካፈላል) ደግሞ በዚያው ሥራ 105.9 ይላል። በ10 ድግግሞሽ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ከዚያ ሲያልፍ ይራራቃሉ። 20 ጊዜ ማንሳት ከከፍተኛ ጉልበት ይልቅ ጽናትን ይለካል። አፕ ግምት የሚሰጠው ከ10 ድግግሞሽ ላልበለጠ፣ ሌላ ከሁለት በላይ ማንሳት ለማይቻልበት ዙር ብቻ ይሁን። ሌላም ስህተት አለ፦ ኤፕሊ 100 ኪሎ አንድ ጊዜ ላነሳ ሰው 103.3 ይሰጣል። ድግግሞሹ 1 ከሆነ መልሱ ራሱ ክብደቱ ነው።

ግምቱን ለመፈተን ብቻዎን ከባድ ክብደት አይሞክሩ። ለቤንች ፕሬስ አጋዥ ሰው ከአጠገብ ይቁም፤ ስኳት የሚሠሩ ከሆነ የመደርደሪያው መያዣ ብረቶች በትክክለኛው ቁመት ላይ ይሁኑ።

ጥያቄ፦ በዙሮች መካከል ስልኩን ስዘጋው የእረፍት ቆጣሪው ይቆማል። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ የመዘገብኩት ሁለት ጊዜ ይገባል። (ጎንደር)

መልስ፦ ሁለቱም የገንቢዎቹ ሥራ ናቸው፤ ይህን ይላኩላቸው። ስክሪኑ ሲጠፋ ስልኩ አፑን ስለሚያስተኛው በሰከንድ የሚቀንስ ቆጣሪ ይሞታል። እረፍቱ የሚያልቅበት ሰዓት ይቀመጥ፣ ማስታወቂያውም ለዚያ ሰዓት ለስልኩ ሲስተም ይሰጥ፤ ስክሪኑ ሲበራ የቀረው ጊዜ ከዚያ ይሰላል። መዝገቡ የሚደገመው አፑ መልስ ሳያገኝ ሲቀር እንደገና ስለሚልክና ሰርቨሩ እንደ አዲስ ስለሚቆጥረው ነው። እያንዳንዱ ዙር ገና ስልኩ ላይ ሲጻፍ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠው፤ ሰርቨሩ ያንን መለያ ዳግም ሲያይ ያለውን ያድሳል እንጂ ሁለተኛ አይጨምርም። ዙሩም «ልምምዱ አልቋል» እስኪባል ሳይጠበቅ፣ አዝራሩ በተነካበት ቅጽበት ስልኩ ላይ ይቀመጥ፤ ባትሪ መሃል ላይ ቢያልቅ የሚጠፋው ገና ያልተመዘገበው ዙር ብቻ ይሆናል።