የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቡድናችን ከጅምሩ ነጥብ ሲጥል

የእግር ኳስ ውድድር ዘመን በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደዚህ ዓምድ የሚላኩት ደብዳቤዎች መልካቸው ይለወጣል። በዚህ ወር ከደብረ ማርቆስ፣ ከዳንግላ፣ ከቢቸናና ከባሕር ዳር የደረሱን ጥያቄዎች ጸሐፊዎቻቸው የአንድ ክለብ ደጋፊዎች ባይሆኑም፣ የሚያስጨንቃቸው ጉዳይ ግን አንድ ነው፤ ተስፋ የጣሉበት ቡድን ከጅምሩ ማሸነፍ ሲሳነው ምን ማሰብና ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይጠይቃሉ። አራቱን መርጠን እንመልሳለን።

ከደብረ ማርቆስ የተላከ ጥያቄ፦ «የምደግፈው ክለብ ክረምቱን ሙሉ ተጫዋች ሲያስፈርም ከረመ። ውድድሩ ሲጀመር ግን ማሸነፍ አቃተው፤ ስሙን ከሰንጠረዡ ግርጌ ሳየው እንቅልፍ ይነሳኛል። ጓደኞቼ ‹ገና ነው› ይሉኛል። እውነት ገና ነው ወይስ ራሳችንን እያታለልን ነው?»

መልስ፦ ጓደኞችዎ የሚሉት እውነትነት አለው፤ ብቻውን ግን መልስ አይሆንም። በመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ሳምንታት የደረጃ ሰንጠረዡ የሚያሳየው የቡድኖችን አቅም ብቻ ሳይሆን ዕጣው ከማን ጋር እንዳገናኛቸውም ጭምር ነው። ባለፈው ዓመት አንደኛና ሁለተኛ የወጡትን ቡድኖች በተከታታይ የገጠመ ክለብ፣ ከታችኛው ሊግ ካደጉ ቡድኖች ጋር ከጀመረ ክለብ ጋር በነጥብ ብቻ ሊመዘን አይገባም። በነገራችን ላይ አዲስ ካደገ ቡድን ጋር መገናኘትም ሁልጊዜ ዕድል አይደለም፤ ጅማ አባ ጅፋር በ2010፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደግሞ በ2016 ባደጉበት ዓመት ዋንጫውን ወስደዋል።

እ.ኤ.አ. በ2015/16 የጣሊያኑ ጁቬንቱስ ከመጀመሪያዎቹ 10 ጨዋታዎች የሰበሰበው 12 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ዓመቱን የፈጸመው ግን በ91 ነጥብ ሻምፒዮን ሆኖ ነው። በጎጃም ከተሞች ብዙ ደጋፊ ያለው አርሰናልም እ.ኤ.አ. በ2021/22 የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች አንድ ግብ እንኳ ሳያስቆጥር፣ ዘጠኝ ተቆጥሮበት ተሸንፎ ከሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ በ69 ነጥብ አምስተኛ ወጣ። እነዚህን ምሳሌዎች ብቻ ይዞ መጽናናት ግን ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020/21 የእንግሊዙ ሼፊልድ ዩናይትድ ከመጀመሪያዎቹ 17 ጨዋታዎች ሁለት ነጥብ ብቻ አግኝቶ «ገና ነው» ሲባልለት ቆይቶ በመጨረሻ ከሊጉ ወርዷል። በተቃራኒው ደግሞ ሌላው የእንግሊዝ ክለብ ሃል ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008/09 ከዘጠኝ ጨዋታዎች 20 ነጥብ ሰብስቦ ሁሉን ካስደነቀ በኋላ፣ በዓመቱ መጨረሻ ከመውረድ የተረፈው በአንድ ነጥብ ልዩነት ብቻ ነበር።

ስለዚህ ስጋትዎ ተገቢ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ከሰንጠረዡ ይልቅ ከሜዳው ቢያረጋግጡ ይሻላል። በሚቀጥለው ጨዋታ ለ20 ደቂቃ ያህል ኳሱን መከተል ይተዉና የቡድንዎን አማካዮች ብቻ ይመልከቱ። ኳሱ ሲነጠቅ የመጀመሪያዎቹን አራትና አምስት እርምጃዎች ወዴት ይሮጣሉ? ሁለቱ ወደ ኋላ ሲመለሱ ሦስተኛው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ዳኛውን የሚያይ ከሆነ፣ የቀኝ መስመር ተከላካዩ ወደ ፊት ሄዶ የተወውን ቦታ የሚሸፍን ሰው ከሌለ፣ የመሐል ተከላካዮቹ ሁለት ሆነው ሦስት አጥቂ የሚጠብቁ ከሆነ፣ ቡድኑ የተሸነፈው በዕድል ማጣት አይደለም። ይህን ጉድለት አዲስ አጥቂ መግዛት አያድነውም።

የተቆጠሩባችሁ ግቦች የገቡበትን ደቂቃ በወረቀት ላይ መመዝገብም ብዙ ያስተምራል። አብዛኞቹ ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ የገቡ ከሆነ የቅድመ ውድድር ዝግጅቱ ይመረመር፤ ከማዕዘንና ከቅጣት ምት የገቡ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ሳምንት ትኩረት በተሰጠው ልምምድ ሊታረም የሚችል ነገር ነው። ቡድኑ በየጨዋታው አራትና አምስት ግልጽ የግብ ዕድል እየፈጠረ የሚያመክን ከሆነ እኔ ብሆን አልሰጋም፤ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ በራሱ ይስተካከላል። የሚያስፈራው ዕድሉን ጭራሽ መፍጠር ያልቻለ ቡድን ነው።

በአገራችን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የተጫዋቾች ውል ብዙውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት በመሆኑ፣ በየክረምቱ ከቋሚ ተሰላፊዎች ግማሽ ያህሉ ሊለወጡ ይችላሉ። ቀሪዎቹ ፊርማዎች የሚጠናቀቁት ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው፤ ግብ ጠባቂው ከፊቱ የሚቆመውን ተከላካይ ስም ገና በቅጡ ሳይለምድ የመጀመሪያው ፊሽካ ይነፋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው ነው። እርስዎም እንደጻፉልን ክለብዎ ክረምቱን ሙሉ ሲያስፈርም ከርሟል፤ የብዙ ፊርማ ዜና ደጋፊን ደስ ያሰኛል እንጂ ለቅንጅት ጊዜ ይጠይቃል። ተጫዋቾቹ አዲስ ከሆኑ እስከ ስምንተኛው ወይም አሥረኛው ሳምንት ድረስ መታገሥ ያስፈልጋል። ካለፈው ዓመት የቆዩት ተጫዋቾች ራሳቸው የሚያጠፉ ከሆነ ግን ትዕግሥቱን ማሳጠር ይቻላል።

ከዳንግላ የተላከ ጥያቄ፦ «ደጋፊው አሰልጣኙ ይሰናበት እያለ ነው። አመራሩ ዝም ብሏል። የእናንተ አስተያየት ምንድን ነው?»

መልስ፦ የእንግሊዙ ክሪስታል ፓላስ እ.ኤ.አ. በ2017/18 አሰልጣኙን ፍራንክ ደ ቡርን አራት የሊግ ጨዋታ ብቻ አይቶ አሰናበተ። ተተኪው ሮይ ሆጅሰንም ቀጣዮቹን ሦስት ጨዋታዎች ግብ ሳያስቆጥር ተሸነፈ፤ ከዚያ ግን ሻምፒዮን የነበረውን ቼልሲን 2 ለ 1 ረትቶ ቡድኑ በመጨረሻ 11ኛ ወጣ። ይህን የሰማ ሰው «ስንብቱ አዳነው» ሊል ይችላል። ይሁንና በሆላንድ ከፍተኛ ሊግ ላይ የተደረገ የምጣኔ ሀብት ጥናት፣ አሰልጣኛቸውን ያሰናበቱ ቡድኖችና በተመሳሳይ የሽንፈት ጉዞ ውስጥ ሆነው አሰልጣኛቸውን ያቆዩ ቡድኖች ያገገሙት በተቀራራቢ መጠን መሆኑን አሳይቷል። ውጤት ከወትሮው በታች ሲወርድ ብዙ ጊዜ መልሶ ወደ ልኩ ይወጣል፤ በዚያ ሰዓት ወንበሩ ላይ የተገኘው ሰው ምስጋናውን ይወስዳል።

አሰልጣኝ ለውጥ አያመጣም ማለታችን አይደለም። ገብረመድኅን ኃይሌ በ2010 ከጅማ አባ ጅፋር፣ በ2011 ከመቐለ 70 እንደርታ፣ በ2017 ደግሞ ከኢትዮጵያ መድን ጋር ሊጉን ማሸነፉ የአንድ ሰው እውቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያል። እውቀቱ ፍሬ የሚያፈራው ግን ተጫዋቾቹን ራሱ መርጦ፣ ዝግጅቱን ራሱ መርቶ ሲጀምር ነው። ስለዚህ ስንብትን ከመጠየቅ በፊት አሰልጣኙ ሥራውን የተረከበው መቼ እንደነበረና የፈረሙትን ተጫዋቾች የመረጠው ማን እንደሆነ ይጠየቅ። ዝርዝሩን አመራሩ አዘጋጅቶ ያስረከበው አሰልጣኝ በስድስተኛው ሳምንት ቢባረር፣ ተተኪው የሚቀበለው ያንኑ ዝርዝር ነው፤ ክለቡም ለሁለት ሰዎች ደመወዝ ይከፍላል። በሌላ በኩል ተጫዋቾቹ ትእዛዙን መስማት ካቆሙና በየሳምንቱ የሚታየው ስሕተት ያው አንዱ ከሆነ፣ እርማትም ካልታየበት፣ መዘግየቱ ጉዳት ነው። የአመራሩን ዝምታ በተመለከተ ከእርስዎ ጋር እንስማማለን፤ ዝም ማለት አሰልጣኙንም ደጋፊውንም አይጠቅምም።

ከቢቸና የተላከ ጥያቄ፦ «ልጄ በአንድ የፕሪምየር ሊግ ክለብ ተከላካይ ነው። በተሸነፉ ቁጥር በስልኩ የሚደርሰው ስድብ እኔ እናቱ የማልሰማው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰፈር ውስጥም ‹ልጅሽ ሸጠን› ያለኝ አለ። ምን ልበላቸው?»

መልስ፦ እናታችን፣ ደብዳቤዎን ያነበብነው በኀዘን ነው። ጨዋታ ሸጧል ብሎ ማስረጃ ሳይኖር መናገር ትችት አይባልም፤ የአንድ ወጣት ስምና እንጀራ ላይ የሚፈጸም በደል ነው፣ በሕግም የስም ማጥፋት ክስ ሊያስከትል ይችላል። ለሰፈሩ ሰው ይህንኑ በቀጥታ ይንገሯቸው፤ እርስዎ የሚያፍሩበት ምክንያት የለም።

ልጅዎ በጨዋታው ዕለትና በማግስቱ ማኅበራዊ ሚዲያውን ቢዘጋ፣ ዛቻ ያለበትን መልእክት ግን ሳያጠፋ ለክለቡ ቡድን መሪ ቢያሳይ መልካም ነው። ተከላካይ ስሕተቱ ሁሉ ግብ ሆኖ ስለሚቆጠርበት ከሁሉም በላይ ይታያል፤ አጥቂ አምስት ዕድል አምክኖ አንድ ካገባ ይጨበጨብለታል። ይህን ዓምድ የምታነቡ ደጋፊዎችም፣ ቅዳሜ ማታ በቁጣ የምትጽፉትን ቃል አንዲት እናት ቢቸና ላይ ሆና እንደምታነበው እወቁ። ተጫዋቹ እንዲወጣ መጠየቅ፣ ብቃቱን መተቸት መብታችሁ ነው። በእናቱና በትውልድ ቦታው መስደብ ግን የማንም መብት አይደለም፤ ቡድኑንም አንድ ነጥብ አያስገኝለትም።

ከባሕር ዳር የተላከ ጥያቄ፦ «እኛ የከነማ ደጋፊዎች ቡድናችንን በከተማችን ስታዲየም ማየት ናፍቆናል። ርቆ ሲጫወት ነጥብ በጣለ ቁጥር ‹እኛ ብንኖር ኖሮ› እንላለን። በእርግጥ ደጋፊ ውጤት ይለውጣል? ሩቅ ሆነንስ ምን ልናደርግ እንችላለን?»

መልስ፦ ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2020/21 በወረርሽኙ ምክንያት ስታዲየሞች ባዶ በሆኑበት ዓመት፣ በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ እንግዳ ቡድኖች ያሸነፉባቸው ጨዋታዎች ባለሜዳዎቹ ካሸነፉባቸው በልጠው ተገኙ፤ ይህ በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ ታሪክ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። በኅዳር 2012 ብሔራዊ ቡድናችን ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ በባሕር ዳር ስታዲየም የነበረ ሰው ደግሞ ይህን ለማመን አኀዝ አያስፈልገውም።

ሊጉ ከ2013 ወዲህ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄዱ ለቴሌቪዥን ሥርጭት አመችቷል፤ ባሕር ዳርም አስተናጋጅ የሆነችባቸው ጊዜያት ነበሩ። ለደጋፊው ግን ብዙ አሳጥቶታል። በጣና ዳር ልምምድ የለመደ ቡድን በድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ተከታታይ ጨዋታዎችን ሲያደርግ የሚገጥመው ድካም ቀላል አይደለም። ሆኖም ርቀቱ ብቻውን የሽንፈት ምክንያት ተደርጎ መቅረብ የለበትም። ባሕር ዳር ከነማ በ2015 ሊጉን በሁለተኛነት የፈጸመው በዚሁ የውድድር ሥርዓት ውስጥ ሆኖ ነው፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት ሲጥልም የሜዳውን ጨዋታ ያደረገው ከባሕር ዳር ውጪ ነበር። ክለቡ ሊጉን የተቀላቀለው በ2011 መሆኑ ሲታሰብ፣ ያ ውጤት በአጭር ጊዜ የተገኘ ትልቅ ነገር ነበር፤ በኋላ በቱኒዚያው «ክለብ አፍሪካን» ተረትቶ መውጣቱም አያሳንሰውም።

ከሩቅ ሆናችሁ ልታደርጉት የምትችሉት ትልቁ ነገር በደጋፊዎች ማኅበራችሁ በኩል ክለቡን በጽሑፍ መጠየቅ ነው። የተጫዋቾች ደመወዝ በወሩ ይከፈላል ወይ? ደመወዙ የዘገየበት ተጫዋች በልምምድ ሜዳ ላይ ልቡ አይገኝም፤ በአገራችን ክለቦች ተደጋጋሚ ችግር ስለሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ዘንድሮ ውላቸው የሚያበቃ ስንት ተጫዋቾች ናቸው? ከታዳጊ ቡድኑ ወደ ዋናው ያደጉት ምን ያህል ደቂቃ ተሰለፉ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለእኛ ከሁሉም ይበልጣል፤ ከቡሬ፣ ከሞጣ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከእንጅባራ ኳስ የሚችል ልጅ ጠፍቶ ስላልሆነ፣ በየክረምቱ ከሩቅ ተጫዋች ማሰባሰቡ ሊቀንስ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ጥያቄዎቹን የመጀመሪያው ዙር ከማለቁ በፊት አቅርቡ። የአጋማሹ የዝውውር ጊዜ ከተከፈተ በኋላ አመራሩ ጆሮውን የሚሰጠው ለአዲስ ፊርማ ብቻ ነው።