ገበያው ኢንቴልን ለምን አላመነውም?

«አሜሪካ ያለው ወንድሜ የኢንቴል አክሲዮን ልግዛ እያለ ነው። ኩባንያው ስለ ቀጣዩ ፕሮሰሰር ይሄን ሁሉ እያወራ ባለሀብቱ ለምን ይጠራጠራል? እኔስ ላፕቶፕ ለመግዛት ልጠብቅ?» ላልከው ወንድሜ።

እኔ ስታዲየም አካባቢ ላፕቶፕ የምሸጥና የምጠግን ሰው ነኝ እንጂ የአክሲዮን ባለሙያ አይደለሁም። የምነግርህ ከሱቅ የማየውን ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

በፍጥነቱ ብዙ ሰው አይጠራጠርም። የሚያጠራጥረው ቀኑና ብዛቱ ነው። 10 ናኖሜትር የሚሉትን የቺፕ አሠራር ውሰድ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሠራሩ አዲስ ነው። በ2016 ይመጣል ሲባል ወደ 2017 ተገፋ። በ2018 መጀመሪያ «ማቅረብ ጀምረናል» አሉ። እውነት ነው፣ «ኮር አይ3» የሚባል አንድ ፕሮሰሰር ወጣ። ባለ ሁለት ኮር ሆኖ የራሱ ግራፊክስ ተዘግቶ ነበር የተሸጠው! በገፍ የመጣው በ2019 ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው፦ አንድ የሲሊከን ዋፈር (ቺፕ የሚቆረጥበት ስስ ክብ ሳህን) ላይ ብዙ ቺፕ ይሠራል። መድረክ ላይ ለማሳየት ጥቂት ደህና ቺፖች ይበቃሉ። ለማትረፍ ግን አብዛኞቹ ደህና መውጣት አለባቸው።

ይሄ መዘግየት እኛ ጋ ድረስ መጥቷል። ደንበኛ ሲገባ «ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?» ይላል። 10ኛ ካልኩት ይበቃዋል። ስቲከሩም አንድ ነው። እኔ ግን ከፍቼ ቁጥሩን አሳየዋለሁ፦ 10210ዩ ከሆነ አሮጌው 14 ናኖሜትር ነው፣ 1035ጂ1 ከሆነ አዲሱ 10 ነው። ሁለቱም አይ5፣ ሁለቱም 10ኛ ይባላሉ።

ከዚያ ሐምሌ 2020 ላይ 7 ናኖሜትርም ዘገየ ተባለ። አክሲዮኑ በአንድ ቀን 16 በመቶ ገደማ ወረደ። በ2021 የያኔው የኢንቴል ዋና ሥራ አስኪያጅ ፓት ጌልሲንገር «በአራት ዓመት አምስት ደረጃ» ብሎ ተነሳ፤ አምስት አዳዲስ የቺፕ አሠራር ማለቱ ነው። ከአምስቱ አንዱን፣ 20ኤ የሚባለውን ግን በ2024 ለምርት ሳያበቁት ተዉት፤ በሱ ይሠራል የተባለው ፕሮሰሰር ዋና ክፍል ታይዋን ያለው ቺፕ ሠሪ ኩባንያ ቲኤስኤምሲ ጋ ተሠራ። የዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ አክሲዮኑ በአንድ ቀን 26 በመቶ ወደቀ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይሄ ነው።

ለፍትህ ያህል፣ ከ20ኤ ቀጥሎ ያለው 18ኤ መጥቷል። ፓንተር ሌክ የሚባለው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር የተሠራው በሱ ነው። ቢሆንም የፋይናንስ ኃላፊያቸው ራሱ ጥቅምት 2025 ላይ ከዋፈሩ የሚወጣው ደህና ቺፕ ለአቅርቦት ቢበቃም ለሚፈለገው ትርፍ ገና ነው ብሏል።

ስለዚህ ወንድምህ የፍጥነቱን ግራፍ ይለፈው። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት የትርፍ ህዳጉን (ከመቶ ብር ሽያጭ ስንቱ እንደሚተርፍ) ይይ። ትልቅ የውጭ ደንበኛ ቺፑን እነሱ ጋ ለማሠራት መፈረሙንም ይከታተል። እኔ ብሆን ያንን ሳላይ ብዙ ገንዘብ አላስገባም።

አንተ አትጠብቅ። አዲሱ እኛ ገበያ በሚቀመስ ዋጋ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል። ለቢሮ ሥራ ከሆነ ደህና 12ኛ ጀነሬሽን ስላሽ ይበቃሃል፤ ባትሪውን ግን ሳታስፈትሽ እንዳትከፍል።