ኮንሶሉን ሳይከፍቱ ኮዱን አይንኩ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ናቸው፤ ሁሉም ስለ ጃቫስክሪፕት (ድረ ገጽን የሚያንቀሳቅስ የኮድ ቋንቋ) እና ስለ ጄኩዌሪ (በእሱ የተጻፈ ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ነው። የኮድ ቃላቱን እንደሚነበቡት በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ፋይሉ ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት።

ጥያቄ፦ ለአንድ የፈርኒቸር መሸጫ ድረ ገጽ ሠርቻለሁ። ላፕቶፔ ላይ ሁሉም ነገር ይሠራል። ሆስቲንግ ላይ ስጭነው ግን ስላይዱ አይንቀሳቀስም፣ ሜኑውም አይከፈትም። ኮዱን ደጋግሜ ጻፍኩት፤ ለውጥ የለም። (አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ኮዱን ደግመው መጻፉን ያቁሙ። ላፕቶፕ ላይ የሠራ ኮድ ሰርቨር ላይ እምቢ ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፋይሉ ብሮውዘሩ ጋ አለመድረሱ ነው። ገጹን በክሮም ይክፈቱ፣ ኤፍ 12ን ይጫኑ፣ ኮንሶል (ብሮውዘሩ ስህተቶችን የሚዘረዝርበት ክፍል) የሚለውን ይምረጡና ገጹን ሪፍሬሽ ያድርጉ። ቀይ መስመር ቢደረደርም ከላይ ካለው ከመጀመሪያው ይጀምሩ፤ ከሥሩ ያሉት ብዙውን ጊዜ እሱ የወለዳቸው ናቸው።

መስመሩ ላይ 404 የሚል ቁጥር ካለ ፋይሉ በተጻፈው አድራሻ አልተገኘም ማለት ነው። ዊንዶውስ በፋይል ስም ላይ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል አይለይም፤ አብዛኛው ሆስቲንግ የሚሠራበት ሊኑክስ ግን ይለያል። የስላይደሩ ፋይል ስም በትልቅ ኤስ ጀምሮ ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ በትንሽ ኤስ ከተጠራ፣ ላፕቶፕዎ ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ሰርቨሩ «የለም» ይላል። የሁሉንም ፋይልና ፎልደር ስም በትንሽ ፊደል፣ ክፍት ቦታ ሳያስገቡ ይጻፉ። አድራሻው ውስጥ «ሲ» ድራይቭ ወይም ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰረዝ ካለም ያጥፉት። ገጹ በኤችቲቲፒኤስ የሚከፈት ሆኖ ጄኩዌሪውን የጠሩበት ሊንክ «ኤስ» የሌለው ኤችቲቲፒ ከሆነ ደግሞ ብሮውዘሩ ራሱ ይከለክለዋል፤ ኮንሶሉ ላይ «ሚክስድ ኮንተንት» የሚል ያገኛሉ።

መስመሩ «ዶላር ኢዝ ኖት ዲፋይንድ» የሚል ከሆነ (የዶላር ምልክቱ የጄኩዌሪ አጭር ስም ነው) የእርስዎ ስክሪፕት ሲጀምር ጄኩዌሪ ገና አልተጫነም። አንዱ መንስኤ ቅደም ተከተል ነው፤ የጄኩዌሪ ስክሪፕት ታግ ከላይ፣ ፕለጊኑ (በጄኩዌሪ ላይ የሚሰካ ተጨማሪ ኮድ) ከሥሩ፣ የእርስዎ ፋይል ከሁሉም በታች ይሁን። ሌላው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ጄኩዌሪው ላይ «ዲፈር» (ገጹ ተነቦ እስኪያልቅ ስክሪፕቱን አቆይ የሚል ቃል) ጨምረው የራስዎን ኮድ እዚያው ኤችቲኤምኤል ውስጥ በስክሪፕት ታግ መሃል ከጻፉት፣ የእርስዎ ኮድ ሳይጠብቅ ወዲያው ይሮጣል። ዲፈር የሚሠራው ከውጭ ፋይል በሚጠራ ስክሪፕት ላይ ነው። ስለዚህ ኮድዎን ወደ ራሱ ፋይል ያውጡትና እሱም ላይ ዲፈር ያድርጉ፤ ያኔ በተጻፉበት ተራ ይሮጣሉ። ድረ ገጹ ዎርድፕረስ ከሆነ ደግሞ ዶላሩ ሆን ተብሎ ስለተለቀቀ፣ በዶላር ፋንታ «ጄኩዌሪ» የሚለውን ሙሉ ስም ይጠቀሙ።

ጄኩዌሪውን ከውጭ ሲዲኤን (ፋይሎችን ለብዙ ድረ ገጾች የሚያድል ሰርቨር) ከመጥራት ፋይሉን አውርደው ከድረ ገጹ ጋር እንዲያስቀምጡ አጥብቀን እንመክራለን። የ3ኛው ትውልድ የተጨመቀ ፋይል 90 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ ሰርቨሩ በጂዚፕ ይበልጥ ጨምቆ ሲልከው ወደ 30 ይወርዳል። ኔት በሚቆራረጥበት ሰዓት ገጹ ተከፍቶ ሲዲኤኑ ሳይደርስ ከቀረ የደንበኛዎ ስልክ ላይ ምንም በተን አይሠራም። ፋይሉን ካስተካከሉ በኋላ አሮጌው ከካሽ (ብሮውዘሩ ካስቀመጠው ቅጂ) እንዳይመጣ ኮንትሮልና ሺፍትን ይዘው አርን ይጫኑ። ደንበኞችዎ ግን ይህን አያደርጉም። ለነሱ በስክሪፕቱ አድራሻ መጨረሻ ላይ ጥያቄ ምልክትና «ቪ=2» ይጨምሩ፤ ብሮውዘሩ አዲስ ፋይል መስሎት ያወርደዋል።

ጥያቄ፦ የትእዛዝ ሠንጠረዥ አለኝ። «ጨምር» ስል አዲስ ረድፍ ይገባል፤ በአዲሱ ረድፍ ላይ ያለው «አጥፋ» ግን ሲነካ ዝም ይላል። መጀመሪያ የነበሩት ይሠራሉ። አንድ ጓደኛዬ ኮዱን አሻሽሎልኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ብዛት ለመጨመር አንዴ ስነካ በሦስት በአራት ይጨምራል። (አንባቢ፣ ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው። የክሊክ ትእዛዝ የሚታሰረው ትእዛዙ በሮጠበት ቅጽበት ገጹ ላይ ባሉት በተኖች ላይ ብቻ ነው፤ በኋላ የተወለደው ረድፍ ምንም አልታሰረለትም። ጓደኛዎ ይህን ለማቃናት ማሰሪያውን «ጨምር» በሚለው ፈንክሽን ውስጥ ሳያስገቡት አልቀሩም። እንዲያ ሲሆን ረድፍ በተጨመረ ቁጥር የቀድሞዎቹ በተኖች እንደገና ይታሰራሉ፤ ሦስት ጊዜ የታሰረ በተን አንዴ ሲነካ ሦስት ጊዜ ይታዘዛል።

መፍትሔው በተኑን ትቶ ሠንጠረዡን ማሰር ነው። የሠንጠረዡ አይዲ «ትእዛዝ»፣ የበተኑ ክላስ «አጥፋ» ከሆነ (አይዲና ክላስ በአማርኛ ቢጻፉም ይሠራሉ)፣ $("#ትእዛዝ") ብለው «ዶት ኦን» ይጨምሩና በቅንፍ ውስጥ ሦስት ነገር በተርታ ይስጡት፦ «ክሊክ»፣ ከዚያ ".አጥፋ"፣ ከዚያ ፈንክሽኑ። ይህ ከየትኛውም ፈንክሽን ውጭ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍ። በተን ሲነካ ክሊኩ ወደ ሠንጠረዡ ይወጣል፤ ሠንጠረዡም ክላሱን አይቶ ይፈጽማል፤ ረድፉ ዛሬ ይወለድ ነገ ለውጥ የለውም። በፈንክሽኑ ውስጥ $ እና በቅንፍ «ዚስ»፣ ቀጥሎ «ዶት ክሎዘስት» በቅንፍ "ቲአር"፣ ቀጥሎ «ዶት ሪሙቭ» ካሉ የተነካው ረድፍ ብቻ ይጠፋል። ፈንክሽኑን በቀስት ምልክት አይጻፉት፤ በቀስት ሲጻፍ «ዚስ» የተነካውን በተን አያመለክትም።

በተኑ ፎርም ውስጥ ከሆነ «ታይፕ»ውን በተን ያድርጉት። ታይፕ ካልተሰጠው ሰብሚት ሆኖ ይቆጠርና ገጹ ሪፍሬሽ ሆኖ የሞሉት ሁሉ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ 150 ብርና 40 ብር ሲደመር 15040 ይለኛል። (ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ከኢንፑት ሳጥን የሚመጣ ነገር ሁሉ ጽሑፍ ነው፤ የመደመር ምልክቱም ጽሑፍና ጽሑፍ ሲያገኝ ይቀጥላቸዋል። እያንዳንዱን በ«ነምበር» ቅንፍ ውስጥ ያስገቡ። በሺህ መለያ ኮማ ይጠንቀቁ፤ 1,250 ተብሎ ከተጻፈ ነምበር «ናን» (ቁጥር አይደለም) ይመልሳል፣ «ፓርስኢንት» ደግሞ ኮማው ላይ ቆሞ 1 ብቻ ይሰጥዎታል። ሁለተኛው የበለጠ ያስፈራል፤ ስህተት መሆኑን ሳይናገር ደረሰኝ ላይ ይገባልና። መጀመሪያ ኮማውን በ«ሪፕሌስኦል» ያጥፉ። ሳንቲም ካለ ሁሉንም ወደ ሳንቲም ቀይረው በሙሉ ቁጥር ይደምሩ፣ ሲያሳዩ ለ100 ያካፍሉ። ስልክ ቁጥርን ግን በጭራሽ ወደ ነምበር አይቀይሩ፤ የ09 እና የ07 ዜሮ ይበላል።

ጥያቄ፦ ለአንድ ፔንሲዮን የአልጋ መያዣ ፎርም ሠርቻለሁ። እንግዳው ጃንዋሪ 19 ይመርጣል፤ ዳታቤዝ ውስጥ ግን 18 ሆኖ ይገባል። በኢትዮጵያ ቀን ላድርገው ብል ደግሞ የባሰ ተዘበራረቀ። (አንባቢ፣ ከደሴ፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ ቀኑን ወደ ሰርቨር ሲልኩ «ቱአይኤስኦስትሪንግ» ተጠቅመዋል ብለን እንገምታለን። ይህ ትእዛዝ ሰዓቱን ወደ ግሪንዊች ይመልሰዋል፤ የኛ ሰዓት ከሱ በ3 ይቀድማል። ካሌንደሩ ለጃንዋሪ 19 የሚሰጠው በኛ እኩለ ሌሊት ላይ ያለችውን ቅጽበት ነው፤ ከሷ 3 ሰዓት ሲቀነስ ጃንዋሪ 18፣ 21፡00 ይሆናል። እንግዳው ለጥምቀት ብሎ የያዘው አልጋ ለከተራ ተያዘ ማለት ነው። ኢንፑቱ ታይፑ «ዴት» ከሆነ ቫልዩው ራሱ 2026-01-19 የሚል ንጹህ ጽሑፍ ስለሆነ፣ በጃቫስክሪፕቱ «ዴት» ሳያሳልፉ እንዳለ ይላኩት። ከዴት ማውጣት ግድ ከሆነ «ጌትፉልይር»፣ «ጌትመንዝ» እና «ጌትዴት»ን ለየብቻ ወስደው ይቀጥሏቸው። ጌትመንዝ ከ0 ስለሚቆጥር 1 ይደምሩበት።

ወደ ኢትዮጵያ ቀን ስንመጣ፣ የኢትዮጵያን ቀን በምንም መልኩ ለ«ዴት» አይስጡት። 2018-05-11 ብለው ጥር 11ን ቢሰጡት፣ ሜይ 11 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. አድርጎ ያለ ምንም ቀይ መስመር ይቀበልዎታል። 2017-13-05 ቢሰጡት ግን «ኢንቫሊድ ዴት» ይላል፤ ጳጉሜን አያውቅም። የሚያዋጣው በዳታቤዝ በፈረንጅ ቀን አስቀምጦ ለእንግዳው በኛ ማሳየት ነው። ለዚህ ብሮውዘሩ ውስጥ የተሠራ ነገር አለ፤ «ኢንትል» ውስጥ ያለው «ዴትታይምፎርማት» ከአማርኛ የቋንቋ ኮድ ጋር ካሌንደሩ «ኢትዮፒክ» ይሁን ሲባል፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2026ን ጥር 11 ቀን 2018 አድርጎ ያወጣል። ተጨማሪ ፕለጊን አያስፈልግም።

እንግዳው በኛ ቀን እንዲመርጥ ከፈለጉ ቀን፣ ወርና ዓመት ሦስት የመምረጫ ሳጥን ያድርጉ። ጳጉሜን ሲመረጥ 5 ቀን ብቻ ይታይ፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነውና 6ኛዋ ትጨመር፤ 2015 እንዲህ ነበር፣ 2019ም ይሆናል። የመድረሻ ሰዓት ከጠየቁም መለያውን በግልጽ ይጻፉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እደርሳለሁ ብሎ 03፡00 የሞላ እንግዳ በሰርቨሩ ዘንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚመጣ ነው።

ጥያቄ፦ የዕቃ ማድረሻ ፎርም ላይ ከተማ መፈለጊያ አለ። «ሃይቅ» ብለው ሲጽፉ አይገኝም፤ ዝርዝሩ ውስጥ «ሐይቅ» ተብሎ ነው ያለው። ስም ማረጋገጫውም የአማርኛ ስም አይቀበልም። (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ለኛ አንድ ድምፅ የሆነው ለኮምፒውተሩ የተለያየ ቁጥር ነው፤ ሐይቅ፣ ሃይቅ፣ ኃይቅ ሦስት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ደንበኛውን አጻጻፍ ማስተማር የፎርም ሥራ አይደለም። ተጠቃሚው የጻፈውንም፣ ዝርዝሩ ውስጥ ያለውንም በአንድ ፈንክሽን አሳልፈው ወደ አንድ ፊደል ያምጧቸውና ከዚያ ያወዳድሩ። ለእይታ የሚቀርበው ግን ትክክለኛው «ሐይቅ» ይሁን።

ፊደሎቹን አንድ በአንድ መዘርዘር አያስፈልግም፤ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) ውስጥ ያላቸው ርቀት ቋሚ ነው። ከ«ሐ» እስከ «ሖ» ካሉት ሰባቱ ኮድ ላይ 16 ሲቀነስ የ«ሀ» ቤት ይሆናሉ፤ ከ«ኀ» ቤት 128፣ ከ«ዐ» ቤት 48 ተቀንሶ ወደ «አ»፤ ከ«ፀ» ቤት 8 ተቀንሶ ወደ «ጸ»። «ሠ» ብቻ 16 ተደምሮበት «ሰ» ይሆናል። ኮዱን በ«ቻርኮድአት» ያነቡታል፣ በ«ፍሮምቻርኮድ» ይመልሱታል። በመጨረሻ «ሃ»ን ወደ «ሀ»፣ «ኣ»ን ወደ «አ» ይቀይሩና ክፍት ቦታውን ያጥፉ፤ ያኔ «ወረ ኢሉ»ና «ወረኢሉ»ም ይገናኛሉ።

መፈለጊያው «ኪይአፕ» (ቁልፍ ሲለቀቅ) ላይ ታስሮ ከሆነ ወደ «ኢንፑት» (ጽሑፉ በተለወጠ ቁጥር) ይቀይሩት። የአንድሮይድ ኪቦርድ የተነካውን ቁልፍ በትክክል ስለማያሳውቅ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ፍለጋ ስልክ ላይ ሊያንቀላፋ ይችላል።

ስም ማረጋገጫው ከኤ እስከ ዜድ ብቻ የሚል ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የሚፈቀዱ ፊደላትን የሚወስን መግለጫ) ይዟል። የግዕዝ ፊደላት በዩኒኮድ ከ1200 እስከ 135ኤ (በ16 መሠረት የተጻፈ ቁጥር ነው) ባለው ውስጥ ስላሉ ይህን ክልልና ክፍት ቦታን ይጨምሩበት። አንዳንዶች እስከ 137ኤፍ ይወስዱታል፤ ያኔ አራት ነጥቡና የግዕዝ ቁጥሩም ስም ሆነው ይገባሉ።

ገጹ ላይ አማርኛው «????» ሆኖ ከታየ ፋይሉ የአማርኛ ፊደል በማይዘው በአንሲ ሴቭ ተደርጓል፤ ፊደሉ ጠፍቷልና እንደገና ጽፈው በዩቲኤፍ 8 ሴቭ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ከድሮ ትምህርት የገለበጥኩት ኮድ «ኢዝ ኖት ኤ ፈንክሽን» ይላል። ጄኩዌሪን ብተወውስ? (ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ስም ይዩ። «ላይቭ» ከሆነ በ2013 በወጣው 1.9 ተወግዷል፤ በ«ኦን» ይተኩት። «አጃክስ» ወይም «ፌድኢን» ከሆነ ያወረዱት «ስሊም» የሚባለውን የተቀነሰ ቅጂ ነው፤ ሁለቱም እሱ ውስጥ የሉም፣ ሙሉውን ያውርዱ። የፕለጊን ስም ከሆነ ጄኩዌሪ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ እንዳይሆን ይፈትሹ፤ ሁለተኛው ሲመጣ ዶላሩን ስለሚወርስ በመጀመሪያው ላይ የተሰካው ፕለጊን አይገኝም። «ሃይድ» ሆኖ ከፊቱ «ኩዌሪሰሌክተር» ካለ ሁለቱን ቀላቅለዋል፤ ሃይድ የጄኩዌሪ ነው።

መተዉን በተመለከተ፣ ሜኑ ለመክፈትና ክላስ ለመቀያየር ብቻ ከሆነ ይተዉት፤ «ኩዌሪሰሌክተርኦል» እና «ክላስሊስት» ይበቃሉ። በፕለጊን ላይ የቆመ፣ እየሠራ ያለ የደንበኛ ድረ ገጽ ከሆነ ግን አይንኩት፤ አዲስ ሲጀምሩ ያለ እሱ ይጀምሩ።