መደብ ሳይከፈት ሠራተኛን ስለማሳደግ

ጠያቂያችን አሥራ ሁለት ሠራተኞች እንደሚመሩ፣ ክፍት መደብ ባለመኖሩም የደረጃ እድገት መስጠት እንደማይችሉ ገልጸው፣ ሰዎቹን በያዙት ሥራ ላይ እንዳሉ እንዴት ማሳደግ እንደሚቻል ጠይቀዋል። እኔ ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና ማዘጋጃና መጋዘን ለብዙ ዓመታት በኃላፊነት ስለሠራሁ፣ መልሴ ከዚያ የመጣ ነው።

አስቀድሜ የራሴን ስህተት ልናገር። «ልምድ ታገኛላችሁ» እያልሁ በሠራተኞቹ ላይ የመዝገብ ሥራውንም የጆንያ ቆጠራውንም ደራረብሁባቸው። ከወራት በኋላ ናሙና የምትሰበስብ አንዲት ሠራተኛ «ጋሼ፣ ሥራው አደገ እንጂ እኔ መቼ አደግሁ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ያካፈልኋቸው ድካሙን እንጂ ውሳኔውን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው መንገድ፣ ሌላ ሰው ይወስነው ከነበረው ጉዳይ አንዱን ሠራተኛው ራሱ እንዲወስነው ማብቃት ነው። ያቺ ሠራተኛ ለዓመታት ከየጆንያው ናሙና እየሳበች ለቅምሻ ክፍል ከማስረከብ አልፋ አታውቅም ነበር። በመጀመሪያ የእርጥበት መለኪያውን እያነበበች ከ11.5 በመቶ በላይ የሆነውን ቡና «ይመለስ» እንድትል ሥልጣን ሰጠኋት። ቀጥሎ የጠቆረውን፣ ነቀዝ የበላውንና የተሰባበረውን ፍሬ እየለየች እንድትቆጥር፣ በመጨረሻም ከቅምሻ ባለሙያው ጎን እንድትቆም አደረግሁ። በአገራችን የደረጃ አሰጣጥ የጥሬው ቡና ምርመራ ከመቶው 40፣ ቅምሻው 60 ስለሚይዝ፣ ቅምሻ የማያውቅ ሰው ደረጃው ከየት እንደመጣ በግማሽ እንኳ አይረዳም። ናሙናው በኮድ ብቻ ይቀርባል፤ እርሷም ባለሙያው አፉን ከመክፈቱ በፊት ነጥቧን ትጽፋለች፤ የአዋቂን ቃል አስቀድሞ የሰማ ምላስ ያንኑ መድገሙ አይቀርምና። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከልክ በላይ የቦካውን ቡና «ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይላል» ብላ ከፍ ያለ ነጥብ ሰጥታው ነበር። የመጨረሻው ፊርማ ዓመቱን ሙሉ የባለሙያው ሆኖ ስለቆየ ስህተቷ ማንንም አልጎዳም፤ የልዩነቱን ምክንያት ግን ሁለቱም በደብተር ይጽፉ ነበር።

ትምህርቱን የመጋዘኑ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ክረምት፣ በመደበኛው የሥራ ሰዓት ውስጥ ያድርጉት። ጥቅምት ገብቶ ቡናው መምጣት ሲጀምር ማስተማር አይታሰብም። መደብ እንደሌለም በግልጽ ይንገሯቸው፤ «ወደፊት እናያለን» የሚለው ቃል ከእምቢታ ይልቅ ሰው ያስቀይማል።

«ተምሮ ይሄድብኛል» የሚል ኃላፊ ብዙ ነው። ከእኛም የሄደ አለ። ሆኖም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ስለሆነ፣ በዚያው ወረቀት ላይ «ናሙና ሰብሳቢ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ የቻለውን ሁሉ በዝርዝር መጻፍ ይገባል። አዲሱ ኃላፊነት ከቀድሞው ከብዶ ከቀረ ደግሞ ወደ በላይ አካል ወጥቶ አበል መጠየቅ የእርስዎ ድርሻ ነው።

ሁሉም ሰው ግን ይህን አይፈልግም። አንድ አንጋፋ የመጋዘን ሠራተኛ «እኔ አድጌ ጨርሻለሁ፤ አሁን የማሳድገው ልጆቼን ነው፤ በሰዓቴ ልግባ፣ በሰዓቴ ልውጣ» ብሎኝ ነበር፤ እኔም ዳግመኛ አላነሳሁበትም።